በ1,238 ቀን ውስጥ አንድ ቀን ብቻ መክሰር፦ ፈጣኖቹ የአክሲዮን ነጋዴዎች ትርፋቸውን እንዴት ይለካሉ? ክርክሩስ በምን ላይ ነው?

ማርች 2014 ላይ ቨርቹ ፋይናንሺያል የተባለ የኒውዮርክ ድርጅት አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ተነሳ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ድርጅት ሒሳቡን ዘርዝሮ ለገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ለኤስኢሲ፣ ማቅረብ አለበት። ቨርቹም አቀረበ። ከሰነዱ ውስጥ ግን አንድ ቁጥር ዎል ስትሪትን አነጋገረ። ድርጅቱ ከ2009 መጀመሪያ እስከ 2013 መጨረሻ ባሉት 1,238 የግብይት ቀናት የከሰረው አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው ወዲያው ያለው ነገር አይገርምም፦ "ሳያጭበረብሩማ እንዲህ አይሆንም።" በዚያው ሰሞን "የአክሲዮን ገበያው ተጠልፏል" የሚለው ክርክር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጋለ። ቨርቹ ሽያጩን አዘገየና ገበያ የገባው በኤፕሪል 2015 ነው።

ቀድሜ ልናገር፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ነው። በየቀኑ ማትረፍ ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም። መጠየቅ ያለበት ትርፉ ከማን ኪስ ወጣ የሚለው ነው። ለዚያ ደግሞ ትርፉ እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ ነጋዴዎች ሥራቸው ምንድን ነው?

ባንክ ሄዳችሁ ዶላር ስትሸጡ የምታገኙት ዋጋና ስትገዙ የምትከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም። ባንኩ በዝቅተኛው ይገዛል፣ በከፍተኛው ይሸጣል። መሃል ላይ ያለችው ልዩነት የእሱ ናት። ዶላር ነገ ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብሎ መወራረድ አያስፈልገውም። ገዢም ሻጭም እስከመጣለት ድረስ ያተርፋል።

አክሲዮን ገበያ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ማርኬት ሜከር ይባላል። "በ50 ዶላር እገዛለሁ፣ በ50 ዶላር ከ1 ሳንቲም እሸጣለሁ" ብሎ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ልዩነቷ ስፕሬድ ትባላለች። ድሮ ሥራው በኒውዮርክ ገበያ ወለል ላይ የሚጯጯሁ ሰዎች ነበር። ዛሬ የኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙ ዋጋ ያወጣል፣ ያነሳል፣ እንደገና ያወጣል፤ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ቨርቹ፣ ሲታደል ሴኪዩሪቲስ፣ ጃምፕ ትሬዲንግ እና ሃድሰን ሪቨር ትሬዲንግ በዚህ ሥራ የሚታወቁ ስሞች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከሚገበያየው አክሲዮን በግምት ግማሽ ያህሉ በእንዲህ ዓይነት ነጋዴዎች እጅ ያልፋል።

ሁለተኛም ሥራ አላቸው። አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ቦታ ሲሸጥ የዋጋ ልዩነቱን ማደን ነው። ለምሳሌ ኤስኤንድፒ 500 የሚባለው የ500 ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ በቺካጎ በኩል በፊውቸርስ ውል፣ ማለትም ዛሬ በተስማሙበት ዋጋ ወደፊት በሚፈጸም ውል፣ ይሸጣል። ኒው ጀርሲ ባሉት የአክሲዮን ገበያዎች ደግሞ ኤስፒዋይ በሚባል ፈንድ መልክ ይሸጣል። ቺካጎ ላይ ዋጋው ከፍ ካለ ኒው ጀርሲም መከተሉ አይቀርም። መረጃው መንገድ ላይ እያለ ቀድሞ የደረሰ ሰው ኒው ጀርሲ ላይ በአሮጌው ዋጋ ይገዛል።

የመጀመሪያው ሥራ ላይ እምብዛም ጠብ የለም። ጠቡ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ከአንድ ግብይት ስንት ያገኛሉ?

ከሚታሰበው በጣም ያነሰ። 100 አክሲዮን በ50.00 ዶላር ገዝቶ ወዲያው በ50.01 የሸጠ ያተረፈው 1 ዶላር ነው። ይቺም የምትገኘው ሁሉም ነገር ሲሰምር ነው። በአብዛኛው ዋጋው መሃል ላይ ይንቀሳቀሳልና ከአንድ አክሲዮን የሚተርፈው ከሳንቲም በታች ይሆናል።

ሌላም ገቢ አለ። ብዙ የአሜሪካ ገበያዎች ዋጋ አውጥቶ ለሚጠብቅ ነጋዴ ትንሽ ገንዘብ ይመልሳሉ፤ መጥቶ የሚያነሳውን ደግሞ ያስከፍላሉ። ለረጅም ጊዜ በሕግ የተቀመጠው የክፍያው ጣሪያ ለአንድ አክሲዮን 0.3 ሳንቲም ነበር። ለእናንተና ለእኔ ምንም ማለት አይደለም። ትርፉን በሳንቲም ክፍልፋይ ለሚቆጥር ድርጅት ግን ይህቺ ተመላሽ ቀኑን ከኪሳራ ወደ ትርፍ ልታዞረው ትችላለች።

ታዲያ በየቀኑ ማትረፍ እንዴት ይቻላል?

እዚህ ላይ ሒሳቡን ረጋ ብለን እንየው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው። አንድ ድርጅት ከግብይቶቹ 51 በመቶው ላይ 1 ዶላር ያተርፋል፣ 49 በመቶው ላይ 1 ዶላር ይከስራል እንበል። ይሄ ነው የሚባል ብልጫ አይደለም። ቀኑን 100 ጊዜ ብቻ ቢገበያይ በትርፍ የመጨረስ ዕድሉ ከግማሽ ብዙም አይርቅም። 10,000 ጊዜ ቢገበያይ ዕድሉ ወደ 98 በመቶ ይጠጋል። ሚሊዮን ጊዜ ከሆነስ? በተግባር መክሰር የለም ማለት ይቻላል።

ከመቶ ሁለት ዶላር የምትሆን ብልጫ በብዙ ግብይት ስትባዛ ዕድል የሚባለው ነገር ይጠፋል። የቨርቹ 1,237 የትርፍ ቀን ምስጢሩ በዋናነት ይሄ ነው። አስማትም ማጭበርበርም አያስፈልገውም። ሁኔታው ግን መሟላት አለበት፤ ግብይቶቹ እርስ በርስ ያልተያያዙና በጣም ብዙ መሆን አለባቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚበላሹበት ቀን ከመጣ ሒሳቡ ይፈርሳል።

ትርፋቸውን በምን ይለኩታል?

ተራ ባለ አክሲዮን ትርፉን የሚለካው በ100 ዶላር ገዝቶ በ120 ሲሸጥ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ግን የገዙትን ማታ ይዘው ማደር ስለማይፈልጉ መለኪያቸው ሌላ ነው።

ዋነኛው ማርክአውት ይባላል። በቅርበት እንየው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ 100 አክሲዮን በ50.00 ገዛ። በዚያች ቅጽበት የመግዣና የመሸጫው መካከለኛ ዋጋ 50.005 ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ በአንድ አክሲዮን ግማሽ ሳንቲም፣ በጠቅላላው 50 ሳንቲም አትርፏል። ከዚያ ሰዓቱ ይቆጠራል። ከ1 ሰከንድ በኋላ መካከለኛው ዋጋ የት ነው? ከ10 ሰከንድ በኋላስ? ከ1 ደቂቃ በኋላስ?

ከ1 ሰከንድ በኋላ 49.985 ከሆነ ድርጅቱ በአንድ አክሲዮን 1.5 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 1 ዶላር ከ50 ከስሯል። የሸጠለት ሰው እሱ ያላወቀውን ነገር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህቺ አንዲት ግብይት የሦስት ጥሩ ግብይቶችን ትርፍ በልታለች። ድርጅቶቹ ይህን መለኪያ በእያንዳንዱ አክሲዮን፣ በእያንዳንዱ ገበያ፣ በእያንዳንዱ ሰዓት ያሰላሉ። ማርክአውቱ ወደ ታች ያዘነበለበት ቦታ ካለ አንድ ፈጣን ሰው እዚያ እያደባቸው ነው። ወይ ዋጋቸውን ያሰፋሉ፣ ወይ ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ወይ ጥለው ይወጣሉ።

እንግዲህ ፍጥነት ሁለት ጥቅም አለው። አንዱ መከላከያ ነው፤ ዋጋህ ሳያረጅ፣ ሌላው ሳይደርስበት ማንሳት። ሌላው ማጥቂያ ነው፤ ሌላው ሳያነሳ አሮጌ ዋጋውን መምታት። አንዱ ድርጅት ሁለቱንም ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው መሣሪያ። "ፈጣን ነጋዴዎች ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ?" የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ ያጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መለኪያ ሻርፕ ሬሾ ነው። አማካይ ትርፉ ትርፉ ለሚዋዥቅበት መጠን ይካፈላል። ትርፉ ትልቅ ሆኖ መዋዠቁ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በረጅም ጊዜ ሲታይ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ በጥቅሉ ከ1 በታች ነው። ከ1,238 ቀን አንድ ቀን ብቻ የሚከስር ድርጅት፣ የቀኑ ውጤት በተለመደው የደወል ቅርጽ ይሰራጫል ብለን ካሰላነው፣ ወደ 50 ይደርሳል። ቁጥሩ ግምት ነው። ግን ጡረታችሁን የሚያስተዳድረው ሰውና እነዚህ ድርጅቶች በአንድ ሚዛን እንደማይመዘኑ ያሳያል።

እዚህ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "እንዲህ ከሆነ ገንዘቤን ለእነሱ ልስጥ" ይላል። አይቀበሉም፤ አያስፈልጋቸውም። ሥራው የሚወስደው ካፒታል ትንሽ ነው። ገንዘቡን አሥር እጥፍ ማድረግ ትርፉን አሥር እጥፍ አያደርገውም፤ ገበያው ውስጥ ያሉት ሳንቲሞች ውስን ናቸውና። የቨርቹ የ2013 ገቢ ወደ 664 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የተጣራ ትርፉ ወደ 182 ሚሊዮን። የቀረው ለገበያዎች ክፍያ፣ ለመረጃና ለመገናኛ መስመር፣ ለሠራተኛና ለሌላ ወጪ ሄዷል። ስለዚህ ማታ ማታ የሚያዩት "ዛሬ ስንት አተረፍን" የሚለውን ብቻ አይደለም። ወጪው ሁሉ ተነስቶ በአንድ አክሲዮን ስንት ተረፈ የሚለውን ነው።

ሁልጊዜ ካተረፉ አደጋው የት አለ?

የዕለቱ ሰንጠረዥ ላይ የማይታይ ቦታ። ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው ትልቅ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ጫነ። ከስምንት ሰርቨሮች አንዱ ላይ ግን ሳይጫን ቀረ። ያ ሰርቨር ለዓመታት ሳይሠራበት የቆየ አሮጌ ኮድ ቀሰቀሰ። ገበያው በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ መቆም አልቻለም፤ በዓመቱ በሌላ ድርጅት ተጠቀለለ። የትኛውም ሻርፕ ሬሾ ይህን አስቀድሞ አይነግርም።

ፍጥነቱ ለምን እዚህ ድረስ?

2010 ላይ ስፕሬድ ኔትወርክስ የተባለ ድርጅት ከቺካጎ ኒው ጀርሲ 827 ማይል ፋይበር ዘረጋ። ወጪው በግምት 300 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ተራራ ሳይቀር ተሰርስሯል። የደርሶ መልሱ ጊዜ ወደ 13 ሚሊ ሰከንድ ወረደ። አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ማይክሮዌቭ መጣ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲጓዝ ፍጥነቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ የሬዲዮ ሞገድ ግን በአየር ላይ ሳይገታ ይሄዳል። ምሰሶ ከምሰሶ እየተቀባበለ ፋይበሩን ቀደመው። ያ ፋይበር በኋላ የተሸጠው በ127 ሚሊዮን ዶላር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንምጣ። ኤሪክ ቡዲሽ፣ ፒተር ክራምተን እና ጆን ሺም የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2015 ባሳተሙት ጥናት ያንን የቺካጎና የኒው ጀርሲ የዋጋ ልዩነት መረመሩ። በ2005 ልዩነቱ ከመጥፋቱ በፊት ለ97 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር። በ2011 ወደ 7 ወረደ። ሰው የሚጠብቀው ትርፉም አብሮ እንዲወርድ ነው። አልወረደም። ከአንዱ ልዩነት የሚገኘው ገንዘብ ከሞላ ጎደል እዚያው ነው። የተለወጠው ገንዘቡን ለመያዝ የሚያስፈልገው ፍጥነት ብቻ ነው።

ይህ ግኝት ከቨርቹ ቁጥር ይልቅ ሊያነጋግር ይገባ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢፈጥኑ የሚቀድመው ያው ነው። የወጣው ወጪ ግን ወጥቷል።

ተቃዋሚዎቹ ማን ተጎዳ ይላሉ?

ጥሩ ማስረጃ የመጣው ከለንደን ነው። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤፍሲኤ በ2020 ያወጣው ጥናት የለንደን ገበያን የ2015 መልእክቶች መረመረ። የተሳኩትን ግብይቶች ብቻ ሳይሆን ዘግይተው የወደቁትን ትእዛዞችም አየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድን አሮጌ ዋጋ ቀድሞ ለመምታት የሚደረገው ሽቅድምድም የሚታየው ተሸናፊው ሲቆጠር ነውና።

ያገኙት ይሄን ነው። በትልልቆቹ የለንደን አክሲዮኖች ላይ በእያንዳንዱ አክሲዮን በየደቂቃው አንድ ያህል ሽቅድምድም አለ። አሸናፊው ተከታዩን ሲቀድም ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ልዩነት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የአንዱ ሽቅድምድም ዋጋ በአማካይ ወደ 2 ፓውንድ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ድል በስድስት ድርጅቶች እጅ ነው። ከጠቅላላው ግብይት ወደ አንድ አምስተኛው የሚካሄደው እንዲህ ባለ ሽቅድምድም ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ በዓለም ዙሪያ ሲያሰሉት በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ገመቱት።

ለአንድ ሰው ስንት ይደርሳል? በጥናቱ ስሌት ከ10,000 ዶላር ግብይት ላይ 42 ሳንቲም ገደማ። ትንሽ ናት። ግን በዋናነት የምትወጣው ከትልልቅ ፈንዶች ነው። ፈንዶቹ ደግሞ የጡረተኞች ገንዘብ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ 401ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ የሚቆጥብ ነርስ ወይም የታክሲ ሹፌር ሳያውቀው ከከፋዮቹ አንዱ ነው። ሽቅድምድሙ ቢጠፋ የግብይት ወጪው በ17 በመቶ ይቀንስ ነበር ይላል ጥናቱ።

ሌላው ቅሬታ መግቢያው ላይ ነው። ድርጅቶቹ ሰርቨራቸውን ገበያው ራሱ ሕንጻ ውስጥ በኪራይ ያስቀምጣሉ። ማዋ፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ዳታ ሴንተር ውስጥ ለሁሉም ተከራይ እኩል ርዝመት ያለው ገመድ ይሰጣል። እኩልነቱ ግን ከፍሎ ለገባው ነው።

ደጋፊዎቹስ?

እነሱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እስከ 2001 ድረስ የአሜሪካ አክሲዮን ዋጋ በክፍልፋይ ይጠራ ነበር። ብዙ ጊዜ ትንሿ ልዩነት የዶላር አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም ከ6 ሳንቲም በላይ ነበረች። በዚያ ዘመን ስፕሬዱን የሚበሉት ገበያው ወለል ላይ የቆሙት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በብዙ ትልልቅ አክሲዮኖች ላይ ልዩነቱ ወደ 1 ሳንቲም ወርዷል። ኮምፒውተሮቹ ለዚህ ድርሻ አላቸው። ከ10,000 ዶላር 42 ሳንቲም ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው የሚለው ክርክራቸው ከባድ ነው።

እኔ ይህን ክርክር እቀበላለሁ፤ ግን ለመጀመሪያው ሥራ ብቻ። ገዢና ሻጭን ማገናኘት አገልግሎት ነው፤ ዋጋም ይገባዋል። በ5 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ የሌላውን አሮጌ ዋጋ መምታት ግን ለማንም ዋጋውን ርካሽ አላደረገም። እንዲያውም ዋጋ አውጥቶ የሚቆመው ሰው እንዳይመታ ልዩነቱን ያሰፋል፤ ያንን የምንከፍለው እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። መሰረዙን እያወቁ የውሸት ትእዛዝ አስገብቶ ዋጋ ማንቀሳቀስ፣ ስፑፊንግ የሚባለው፣ ከ2010ሩ ሕግ ወዲህ በአሜሪካ በግልጽ ወንጀል ነው። 2015 ላይ ቺካጎ ውስጥ አንድ ነጋዴ በዚህ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2016 የ3 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሽቅድምድሙ ግን ሕጋዊ ነው። ክርክሩ ሕጉ ይለወጥ ወይ የሚል ነው።

ምን ተሞከረ?

አይኢኤክስ የተባለው ገበያ በጁን 2016 ከኤስኢሲ ፈቃድ አገኘ። ወደ እሱ የሚገባ ትእዛዝ ሁሉ ሳጥን ውስጥ በተጠቀለለ 38 ማይል ፋይበር ውስጥ ያልፋል። ይህ 350 ማይክሮ ሰከንድ ያዘገየዋል። በዚያች ጊዜ ገበያው ራሱ የሌሎቹን አዲስ ዋጋ አይቶ የደንበኞቹን ያስተካክላል። ይሠራል። ግን ከአሜሪካ ግብይት የያዘው ድርሻ ትንሽ ነው።

ቡዲሽና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሐሳብ ይለያል። ገበያው ያለማቋረጥ ከሚሄድ ትእዛዞቹን እየሰበሰበ በአጭር በአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በሰከንድ ክፍልፋይ፣ አንድ ላይ በጨረታ ያገናኛቸው ይላሉ። ያኔ በማይክሮ ሰከንድ መቅደም ትርጉም ያጣል። ለዚህ የሚቀርብ ገበያ ነበር፤ የታይዋን አክሲዮን ገበያ ለረጅም ዓመታት በየጥቂት ሰከንዱ ሰብስቦ ያገበያይ ነበር። እሱ ግን በማርች 2020 ወደ ተከታታይ ግብይት ዞረ። ዓለም የሚሄደው ወዲያ ነው፤ ለእኔ አሳዛኝ ነው።

ትንሽ አክሲዮን ያለኝ ሰውስ?

አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ይህ ችግር ለጊዜው የናንተ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እንዲህ ያለ ገና የሚያድግ ገበያ ፈተናው በቂ ገዢና ሻጭ ማግኘት ነው፤ ማይክሮ ሰከንድ አይደለም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ በስልካችሁ የምትገበያዩ ከሆነ ዋናው ነገር የትእዛዙ ዓይነት ነው። ማርኬት ኦርደር ማለት "በተገኘው ዋጋ" ነው። ሊሚት ኦርደር ማለት "ከዚህ ዋጋ አታሳልፍ" ነው። ልዩነቱ በሜይ 6 ቀን 2010 ታየ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶው ጆንስ የተባለው የ30 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ፣ ቀድሞም እየወረደ ሳለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አሽቆለቆለ፤ የቀኑ ውድቀት ወደ 9 በመቶ ከደረሰ በኋላ አብዛኛውን መለሰ። ዋጋ አውጥተው የሚቆሙት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ወጥተው ነበር፤ የመቆየት ግዴታ አልነበረባቸውም። አክሴንቸር የተባለው ትልቅ ኩባንያ አክሲዮን በ1 ሳንቲም ተሸጠ። በተገኘው ዋጋ ሽጡልኝ ያሉ ሰዎች የተገኘውን አገኙ። በኋላ ገበያዎቹ ከትክክለኛው ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ የራቁትን ግብይቶች ሰረዙ። በግማሽ ዋጋ የሸጠው ግን ሽያጩ ጸንቶበት ቀረ።